ናፍጣ፣ መብራትና እህቴ

በእህቴ መቅናት የጀመርኩት ባል ስታገባ አይደለም፤ መብራት ስታስገባ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈውም ቅናቱ ስለለቀቀኝ አይደለም፤ ምን እንዳስደረገኝ ስለማውቅ ነው።

በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ። ከዳንግላ በጋሪ ሁለት ሰዓት ያህል ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ አስተማሪ ነኝ፤ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ዜግነትና ኅብረተሰብ አስተምራለሁ። ባሌ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የናፍጣ ወፍጮ አለው። እህቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። ትምህርቱ አልገባ ሲላት እናታችን "ይቺ ልጅ ምን ልትሆን ነው?" እያለች በአዊኛ ታማርር ነበር፤ እኔም በልቤ ምንም እንደማትሆን እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን ዳንግላ ገባች፣ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳ ሰው አገባች፣ ከገበያው አጠገብ ቤት ሠሩ፣ ከቤቱ ጎን ደግሞ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ተከሉ።

እኛ ቀበሌ መብራት የለም። በላያችን ግን ያልፋል። ትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ሲተከሉ አንዱ ያረፈው በእኛ የዳጉሳ ማሳ ጫፍ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ሽቦውን ሲወጥሩ የሰፈሩ ሰው መብራት ሊገባልን ነው ብሎ ጠላ ጠምቆ ጋበዛቸው። ባሌ ለወፍጮው የሚሆን የመብራት ሞተር የት እንደሚገኝ ሁሉ አጠያይቆ ነበር። ሥራው ያለቀ ዕለት የሠራተኞቹ አለቃ ጠላውን ጨልጦ፣ አፉን በእጁ ጠርጎ፣ "እንግዲህ አትቀየሙን፤ ይሄ መንገደኛ ነው፤ እዚህ አይወርድም" አለን። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሽቦው እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል። ከሥሩ ጎንበስ ብዬ ዳጉሳዬን ሳርም እሰማዋለሁ።

በየገበያው ቀን የእኔንና የባሌን ስልክ ይዤ እህቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ቻርጅ ለማድረግ። እሷ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ገና ከበር ስታየኝ "እታለም፣ ነይ ግቢ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጪ" ትልና ፍሪጁን ትከፍታለች። የፍሪጁ ውስጥ መብራት ፊቷ ላይ ቦግ ሲል ዓይኔን ወደ በሩ አዞራለሁ። "ተይው፣ ጥርሴን ያመኛል" እላታለሁ። ጥርሴ ምንም አይልም። አንድ ጊዜ ቀሚሴን አስወልቃ በካውያ ተኮሰችልኝ። "አስተማሪ እኮ ነሽ፤ ተጨማድደሽ ክፍል አትግቢ" አለችኝ። ቀሚሱ ገላዬ ላይ እንደሞቀ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ተሰደብኩ እያልኩ ነበር የምብሰለሰለው።

ባልዋ ጅቡቲ ይመላለሳል። በአንዱ ፋሲካ እኔና ባሌ እነሱ ዘንድ ተጋብዘን ሳለ፣ ዶሮው ተበልቶ እጃችንን ከታጠብን በኋላ ስለ ወደቡ ያወራልን ጀመር። የሚስቱ ታላቅ ስለሆንኩ "እርስዎ" ነው የሚለኝ።

"እዚያ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል" አለ። "ግን ምግብ ቤት ከገቡ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ ላብዎ ወዲያው ድርቅ ይላል። የሚገርምዎት፣ ያ መብራት እኮ ከእኛ የሚሄድ ነው።"

"ከእኛ ማለት ከማን?" አልኩት።

"ካገራችን ነዋ! እንሸጥላቸዋለን። ማን ያውቃል፣ ከእርስዎ ማሳ በላይ የሚያልፈው ራሱ ይሆናል።"

እህቴ ሳቀች። ባሌም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"እኛ በኩራዝ እየኖርን ለሰው አገር መሸጥ ምን የሚሉት ነው?"

ሰውዬው ቀልዱን ተወና ወደ እኔ ዞረ። "ነዳጁ በማን በር ነው የሚገባው? በእነሱ። ማዳበሪያው በማን በር ነው? በእነሱ። እነሱ በር አላቸው፣ እኛ ውኃ አለን። ውኃው መብራት ሆኖ ወደዚያ ይወርዳል፤ ናፍጣው በዚያ በር ወደዚህ ይወጣል። ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ብንኳረፍ እኔ ባዶ ቦቴ እየጎተትኩ እመለሳለሁ፤ የባልዎም ወፍጮ ይቆማል። ትልልቆቹ ሰዎች በቴሌቪዥን ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ሲያዩ የሚዋደዱ ይመስልዎታል አይደል? እኔ ግን እነሱን ባየሁ ቁጥር ቦቴዬ ነው የሚታየኝ።"

በዚያ ሰሞን ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ውጭ ግንኙነት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። መልካም ጉርብትና፣ የጋራ ጥቅም፣ እርስ በርስ መከባበር እያልኩ በጠመኔ ዘረዘርኩ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ቦቴ የሚል ቃል ግን የለበትም። ስለዚህ መጽሐፉን ዘጋሁና በሩን፣ ውኃውን፣ ናፍጣውን ልክ እንደሰማሁት አስረዳኋቸው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ከማን እንደሰማሁት ግን አልተናገርኩም፤ የራሴ ዕውቀት አስመሰልኩት። እህቴ ካላት ሁሉ ላይ ይቺን ያህል ብወስድባት ምን ይጎድልባታል ብዬ።

ከዚያ ናፍጣ ጠፋ። ምክንያቱን ሁሉም በየራሱ ያወራል፤ ዶላር የለም የሚል አለ፣ መንገድ ተዘግቶ ነው የሚል አለ፣ ባሕር ማዶ ጦርነት ስላለ ነው የሚልም አለ። ማደያዎቹ ለመኪና ብቻ በወረፋ መቅዳት ጀመሩ፤ በጀሪካን መሸጥ ክልክል ሆነ። ባሌ ዳንግላ ሄዶ ጀሪካኑን እንደያዘ ሲመለስ፣ "የወፍጮ ሞተር ጎማ የለው፤ እንዴት ነድቼ ልውሰደው?" አለኝ። በሚኒባስ እንጅባራ ሄደ፣ ከዚያ ጥሊሊ፣ ከዚያም አዘና ድረስ ወረደ። በየደረሰበት ያው መልስ ነው። በመጨረሻ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘውን ቺንጋ ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ወፍጮ ቤቱን ቆለፈው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ በመስኮቱ የማየው የሰፈሬን ሰው ነው። እህል በአህያ ጭኖ፣ በራሱ ተሸክሞ፣ ወደ ዳንግላ ይሄዳል፤ ወደ እህቴ ወፍጮ። ድሮ ወደ እኛ ወፍጮ ሲመጡ "ዛሬ ወረፋ የለም፣ ቶሎ ይደርስሻል" እያልኩ የምቀበላቸው ሴቶች ናቸው። አንዳንዷ "ለእህትሽ ምን እንበልልሽ?" ትለኛለች፤ "ሰላም በሉልኝ" እላለሁ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጻፍኩትን መልሼ አጠፋዋለሁ።

በዚያ መካከል በአንድ የገበያ ቀን እህቴ ከወፍጮዋ ደጃፍ ወደ ጎን ሳበችኝ። የሞተሩ ድምፅ ስለሚያይል ጆሮዬ ሥር ነው የጮኸችው።

"እታለም፣ ባሌ ማደያው ሄዶ አነጋግሮላችኋል! ለወፍጮ ቤት የሚሆን ደብዳቤ ከቀበሌ ከተጻፈ፣ ወረዳው ማኅተም ካደረገበት፣ በጀሪካን ይሰጣሉ። ለገጠር ወፍጮ ተፈቅዷል። ብቻ ደብዳቤውን አጽፋችሁ አምጡልኝ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"እነግረዋለሁ" አልኳት።

አልነገርኩትም። የመጀመሪያውን ቀን ደክሞኝ ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ባሌ ስለ ከብቶቹ ሲያወራ ነገሩን አንደበቴ ላይ አምጥቼ ዋጥኩት። በሦስተኛው ቀን፣ ባሌ ጀሪካኑን ይዞ ዳግመኛ አዘና ሲወርድ እያየሁ፣ ምክንያት መፈለጉን ተውኩ። "የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ" ያለችው ነው እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ የቀረው። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈችው እሷ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ስንት ጊዜ በእጄ ጽፌ ለሰው የሰጠሁትን እኔን፣ አምጪና ልጨርስልሽ አለችኝ። ወፍጯችን በእሷ ቸርነት ከሚነሳ ቆሞ ይቅር አልኩ። ባሌም ማታ ራት ሲበላ "እግዜር ይስጣት እህትሽን" ሲል መስማት አልፈለግሁም።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

አጥር የምጋራት ጎረቤቴ የዚያን ጊዜ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባልዋ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዷል። በቆሎዋን በአህያ ጭና ዳንግላ ሄደች፤ በዚያ ሰሞን የከተማው መብራትም በፈረቃ ሆኖ ስለነበር የደረሰችው በጠፋበት ቀን ነው። ነገ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባለች ሁለት ቀን ጠበቀች። ስትመለስ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛት። እህሉን እንደወሰደችው፣ ያውም ርሶ፣ ይዛው መጣች። ጆንያውን ሳግዛት የተዘፈዘፈ በቆሎ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

"እህትሽን ግን እግዜር ይስጣት" አለችኝ መሬት ላይ ቁጭ እያለች። "ሁለቱንም ቀን ቤቷ አሳደረችኝ። እግሬን በሙቅ ውኃ አጠበችኝ።"

እውነቱን ልናገር፤ ከኀዘኔ ቀድሞ የመጣው ቅናቴ ነው። እግር ያጠበችው እሷ፣ የተመሰገነችው እሷ። ሴትዮዋ ከጓሮ ተጥሎ የኖረውን የድንጋይ ወፍጮ አጥባ፣ ከሆዷ ጋር እየታገለች ተንበርክካ መፍጨት ስትጀምር ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። መጁን ተቀብያት ፈጨሁላት። እጄ ውኃ ቋጠረ። ያን ቀንም ቢሆን ለባሌ አልነገርኩትም፤ ከሁለት ወር በኋላ መናገር የመጀመሪያውን ቀን ከመናገር ይከብዳል።

ብዙም ሳይቆይ ከእንጅባራ የመጡ ኃላፊዎች ስለ ነዳጅና መብራት ሕዝቡን ሊያወያዩ ነው ተብሎ ወፍጮ ያላቸው ሁሉ፣ ባለ ጋሪዎችና ባለ ባጃጆች ሁሉ፣ ዳንግላ አዳራሽ ተጠሩ። ባሌ "አንቺ መናገር ታውቂበታለሽ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። እህቴ ከወፍጮ ባለቤቶቹ ጋር ከፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ነጭ፣ በካውያ የተተኮሰ።

ዕድል ሲሰጠኝ ተነሣሁ። "በማሳዬ ላይ የብረት ምሰሶ ቆሟል" አልኩ። "መብራቱ በራሴ ላይ እያለፈ የሰው አገር ቤት ያቀዘቅዛል። ለጎረቤት ነው ትላላችሁ። እኔስ? ጎረቤት ለመባል ድንበር መሻገር አለብኝ?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ወደ መድረኩ አላየሁም፤ እህቴ እያጨበጨበች እንደሆነ ነው ያየሁት። እያጨበጨበች ነበር።

መድረክ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ።

"መምህርት፣ እርስዎን የሚያናድድዎት እኔንም ያናድደኛል" አለ። "እኔም የተወለድኩበት ቀበሌ መብራት የለም። ግን ያንን ትልቅ መስመር ወደ ቤትዎ ለማውረድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ናፍጣውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪ ከምናገኝባቸው አንዱ ይኸው ለጎረቤት የምንሸጠው መብራት ነው። ዛሬ ብናቋርጥባቸው መብራቱ ሽቦው ላይ ይቀራል እንጂ እርስዎ ቤት አይወርድም። እነሱ ደግሞ ይቀየሙናል። ነዳጃችንና ማዳበሪያችን በሚገባበት በር ላይ የተቀየመ ሰው ማቆም ይመችዎታል? ስለዚህ የማንፈልገውንም እንግዳ በፈገግታ እንቀበላለን፤ መናገር የምንፈልገውንም አንዳንዴ እንውጣለን።"

"ተራችን መቼ ነው ታዲያ?" አልኩት።

"እሱን አላውቅም" አለ። ዋሽቶ ቢሆን እጮህበት ነበር። አላውቅም ሲለኝ ተቀመጥኩ።

ስብሰባው ሲበተን ሰው እየከበበ ያመሰግነኛል። እህቴ በሰው መካከል ተሹለክልካ መጣችና አቀፈችኝ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞራ፣ "አንተ ደግሞ፣ ያንን ደብዳቤ ለምን አታመጣም? ባሌ የማደያውን ሰውዬ ባየው ቁጥር 'ዛሬ ያመጣሉ፣ ነገ ያመጣሉ' እያለ አፍሮ አለቀ" አለችው።

"የምን ደብዳቤ?" አለ ባሌ።

እህቴ እኔን አየችኝ። ባሌም አየኝ። ለእህቴ ከሁሉም ቀድሞ ገባት፤ በትምህርት ደካማ የነበረችው ልጅ የሰው ፊት ማንበብ ግን ከድሮም ታውቅበታለች።  ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጋሪው ላይ ባሌ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እኔም የፈረሱን ጆሮ አየሁ። ከድልድዩ ስናልፍ ነው የተናገረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ወር።"

"ጀሪካን ተሸክሜ አዘና ድረስ ስወርድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"መንግሥት እንኳ" አለ፣ "ናፍጣ ሲያጣ የማይወደውን ሰው አቅፎ ይስማል አሉሽ። ሰውዬው ሲናገር አልሰማሽም? አንቺ የምትወድሽ እህትሽ ምን አድርጋሽ ነው?" ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከአስፈላጊው በላይ አላናገረኝም። 

ደብዳቤውን በእጄ ጻፍኩ። ቀበሌው ፈረመበት፣ ወረዳው ማኅተም አደረገበት፣ ባሌ ለእህቴ ወስዶ ሰጣት። በሳምንቱ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ መጣ። ቺንጋው ተመልሶ ሞተሩ ላይ ገባ፤ ወፍጮው ሲነሳ ጎረቤቴ፣ ወልዳ አራስ ቤት ሳለች፣ እልል ስትል ተሰማ።

እህቴ ግን እኔ ዘንድ አልመጣችም። በገበያ ቀንም ስልኬን ይዤ ለመሄድ ፊት አጣሁ።

ክረምቱ ሲበረታ የዳንግላ መብራት ጭራሹኑ ጠፋ፤ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ ነው አሉ። የከተማ ሰው እህሉን በጋሪ ጭኖ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ደጃችን በጋሪና በአህያ ተሞላ። በሦስተኛው ቀን ከወረፋው መጨረሻ እህቴን አየኋት፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ከደንበኞቿ የተቀበለችው፣ በጋሪ ላይ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።

ደስ አለኝ። ይህንንም ልናገረው እንጂ። ሄጄ ልጠራት፣ ከፊት ላስገባት እችል ነበር፤ ወፍጮው የእኛ ነው። ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ በወረፋ ስትቆም አየኋት። ካፊያው ሲጀምር ነጠላዋን ገፍፋ ጆንያውን አለበሰችበት እንጂ ራሷን አልተጠለለችም። ያን ጊዜ ከበረንዳው ወረድኩ። ሄጄ እጇን ያዝኩ።

"ነይ ግቢ።"

"ተራዬ አልደረሰም" አለች። አልጎተትኳትም፤ አጠገቧ ቆምኩ። ዝናቡ ሁለታችንንም አራሰን።

"ቀንቼብሽ ነው" አልኳት። "ደብዳቤውን ያስቀረሁት ቀንቼብሽ ነው።"

"አውቄዋለሁ" አለች። ጆንያውን እያስተካከለች፣ "በምኔ?" ስትል ጠየቀችኝ።

"በመብራትሽ። በፍሪጅሽ። በሁሉም።"

ፊቷን ወደ ጋሪው አዞረች። "ባሌ ከሄደ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ወደቡ ላይ ነዳጅ የሚጠብቅ ቦቴ ተሰልፏል አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም። እታለም፣ ናፍጣ ሲጠፋ ያንቺ ባል ቤቱ ይውላል። ናፍጣ እንዲመጣ የእኔው መሄድ አለበት። ፍሪጁን ከፍቼ የምቆመው የሚያወራኝ ሰው ስለሌለ ነው። እኔ የማልቀናብሽ ይመስልሻል?"

 ተራዋ ሲደርስ ጆንያዎቹን አብረን አወረድን፤ ባሌ ፈጨላት። ዱቄቱ ሞቆ ሲወርድ እጇን ከታች ዘርግታ ሙቀቱን ስትሞቅ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ ተስማማን። ከተማ መብራት ሲኖር ሰዎቻችንን ወደ እሷ እንልካለን፤ ሲጠፋ እሷ ወደ እኛ ትልካለች። ናፍጣ የሚመጣው በእነሱ በኩል ስለሆነ ባሌ የእሷን ባል ሲያገኘው ከወንድሙ አብልጦ ነው የሚያቅፈው። የሚዋደዱ ይመስላል። ይዋደዱ ይሆናል። ክፍል ውስጥም ያንን ምዕራፍ ሳስተምር አሁን "ይህን የነገረኝ የእህቴ ባል ነው" እላለሁ።

እኛ ቀበሌ እስካሁን መብራት አልገባም። የእንጨት ምሰሶ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ተተክሏል፤ ሽቦ የለውም።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ባል ከጅቡቲ ሲመለስ ለሁለታችን ድሪያ የሚባል ሰፊና ስስ ቀሚስ ሁለት ይዞ መጣ፤ ለእሷ ብጫ፣ ለእኔ አረንጓዴ። ቤታቸው ተቀምጠን ስንፈታው ዓይኔ ብጫው ላይ ተተከለ። እህቴ አየችኝና ሳቀች።

"ይሄን ነው የፈለግሽው?"

"አዎ" አልኳት። ከእንግዲህ ልደብቃት አልችልም።

"እንኪ" ብላ ብጫውን ጭኔ ላይ ጣለችና አረንጓዴውን ለበሰችው። ተነሥታ በመስተዋቱ ፊት ዞር ስትል ግን አረንጓዴው እንዴት እንዳማረባት።